«ሰፋ» አንድ ቃል ነውን? ስለ ስፌት ቃላት አመዘጋገብ የቀረበ ሂስ

መዝገበ ቃላት ለማዘጋጀት የተነሣ ሰው ብዙ ጊዜ የሚጨነቀው ለብርቅና ለጥንታዊ ቃል ነው። እንዲህ ያለው ቃል ግን አዘጋጂውን እምብዛም አያሳስተውም፤ ስለማያውቀው ሊቃውንትን ይጠይቃል፣ መጻሕፍትን ያመሳክራል። አዘጋጂውን ይበልጥ የሚያሳስተው ከልጅነቱ ጀምሮ በአንደበቱ ያለው፣ «ይህማ የታወቀ ነው» ብሎ የሚያልፈው ቃል ነው። «ሰፋ» ከእነዚህ ቃላት አንዱ ነው። ልብስ ይሰፋል፤ መሶብ ይሰፋል፤ ቁስል ይሰፋል። መንገድም ይሰፋል፤ ከተማም ይሰፋል፤ ቅዳዱ የበለጠም ልብስ ይሰፋል። አማርኛ ተናጋሪ የሆነ ሁሉ እነዚህን አነጋገሮች ሳይቸገር ይለያቸዋል። መዝገበ ቃላት ግን ሰው ሳይቸገር የሚያደርገውን ምክንያት ሰጥቶ ማስረዳት ይጠበቅበታል።

በዚህ ጽሑፍ የምናቀርበው አሳብ ባጭሩ ይህ ነው። የስፌቱ «ሰፋ» እና የስፋቱ «ሰፋ» በድምፅ የተገናኙ፣ በዘር ግን የማይዛመዱ ሁለት ግሶች ናቸው። ስለዚህም በአንድ መነሻ ቃል ሥር፣ አንዱ የሌላው ተቀጥላ ፍች ሆኖ መመዝገብ አይገባቸውም። ጉዳዩ የአዘጋጂዎች የሥርዐት ጥያቄ ብቻ አይደለም። ከአመዘጋገቡ የተሳሳተ የቃላት ታሪክ ይወለዳል፤ የተሳሳተውም ታሪክ ወደ መማሪያ መጻሕፍት ገብቶ እንደ እውነት ይጠናል፤ በስፌት ሙያ ላይም የቃላት መደናገር ያስከትላል።

1. በድምፅ አንድ፣ በዘር ሁለት

«ሰፋ፦ 1ኛ በመርፌና በክር አያያዘ፤ 2ኛ ወርዱ ጨመረ» ብሎ መጻፍ ቀላል ነው። እንዲህ ያለው አመዘጋገብ ግን በግልጽ ያላለውን ነገር በአቀማመጡ ይናገራል፤ ይኸውም ሁለተኛው ፍች ከመጀመሪያው ወጥቷል የሚል ነው። አንባቢም ይህን ተቀብሎ ምክንያት ይፈልጋል። «አንዱ ጨርቅ ከሌላው ጋር ሲሰፋ ወርዱ ስለሚጨምር ሁለቱ ፍቾች አንድ ሆኑ» የሚለው ማብራሪያ የተወለደው ከዚህ ነው። ማብራሪያው ለጆሮ ቢጥምም ሥራውን የሚያውቅ ሰው አይቀበለውም። ማንኛውም ልብስ ሰፊ እንደሚያውቀው እያንዳንዱ ስፌት ከጨርቁ ወርድ ጥቂት ይወስዳል፤ ሰፊው ሲቆርጥ ለስፌት የሚገባውን ትርፍ የሚተወውም ስለዚሁ ነው። መስፋት ጨርቅን የሚያጠብ እንጂ የሚያሰፋ ሥራ አይደለም።

የቃሉን ዘር ለማወቅ መጠየቅ ያለበት ግዕዝ ነው። በግዕዝ በመርፌ ማያያዝ «ሰፈየ» ይባላል፤ መዘርጋትና መስፋፋት ደግሞ «ሰፍሐ» ነው። የመጀመሪያው ግስ በ«የ»፣ ሁለተኛው በ«ሐ» ይጨርሳል። የግዕዝን ቃላት በየግሱ ሥር የመዘገቡት መጻሕፍት፣ ማለት ዲልማን እ.ኤ.አ. በ1865 ያሳተሙት፣ በ1948 ዓ.ም. ለኅትመት የበቃው የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ሥራ፣ ሌስላውም እ.ኤ.አ. በ1987 ያወጡት አነጻጻሪ መዝገበ ቃላት፣ ግሶቹን በየሥራቸው ስለሚያስቀምጡ ሁለቱ አይቀላቀሉባቸውም። ትግርኛም እስከ ዛሬ «ሰፈየ» እያለ ስፌትን፣ «ሰፊሕ» እያለ ስፋትን ይለያል። ልዩነቱን በድምፅ ያጣው አማርኛ ነው።

ያጣበትም ምክንያት የታወቀ ነው። አማርኛ የጉሮሮ ድምፆችን ከግሶች መጨረሻ ጥሎ በቦታቸው የ«ኣ»ን ድምፅ አስቀርቷል፤ «ሰምዐ» «ሰማ»፣ «በልዐ» «በላ»፣ «መጽአ» «መጣ» የሆነው በዚህ መንገድ ነው። «ሰፍሐ»ም በዚሁ መንገድ «ሰፋ» ሆነ። «ሰፈየ» ደግሞ የመጨረሻ «የ»ውን ጥሎ በሌላ በር ወደዚያው ቤት ገባ። ይህ ግጥጥሞሽ በአንድ ቃል ላይ ብቻ የደረሰ አይደለም። ዱቄት «ነፋ» የሚባለው ከግዕዙ «ነፈየ»፣ መለከት «ነፋ» የሚባለው ከ«ነፍኀ» ነው። ውሃው «ጠራ» የሚባለው ከ«ጸርየ»፣ ሰውየውን «ጠራ» የሚባለው ከ«ጸርሐ» ነው። ሦስቱም ጥንዶች አንድ ዐይነት ታሪክ አላቸው፤ በ«የ» የሚጨርስ ግስና በጉሮሮ ድምፅ የሚጨርስ ግስ በአማርኛ አንድ መልክ ያዙ። ዱቄት መንፋትና መለከት መንፋት አንድ ቃል ናቸው የሚል ሰው እምብዛም የለም። የ«ሰፋ»ም ጉዳይ በዚሁ ሚዛን ሊታይ ይገባል።

ከዚሁ ጋር ሦስተኛ ዘር እንዳይደባለቅ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። «ተስፋ» የሚለውን ስም ከ«ሰፋ» ጋር አያይዘው፣ ተስፋ ማለት የልብ መስፋት ነው የሚሉ አሉ። ለስብከት የሚመች አባባል ሊሆን ይችላል፤ ለመዝገበ ቃላት ግን አይሆንም። «ተስፋ» የተገኘው ተስፋ አደረገ ከሚለው ከግዕዙ «ተሰፈወ» ነው፤ የግሱም መጨረሻ «ወ» ነው። እንግዲህ «ልብሱ ተሰፋ»፣ «ከተማው ተስፋፋ» እና «ሰውየው ተስፋ አለው» ስንል ሦስት የተለያዩ ዘሮችን እየጠራን ነው። ዛሬ በጽሕፈት የሚቀራረቡት ጥንት የለያቸው አንድ አንድ ፊደል ስለጠፋ ነው።

2. ጽሕፈቱ የሚሸፍነው ልዩነት

ሁለቱ ግሶች በአማርኛ ፈጽመው አንድ ሆነዋል ብሎ መደምደምም ስሕተት ነው። ዘራቸው ቢሸፈንም ጠባያቸው አልጠፋም። የስፌቱ «ሰፋ» ተሻጋሪ ግስ ነው፤ የሚሰፋ ነገር ይሻል። የስፋቱ «ሰፋ» አይሻገርም። አማርኛ ለሁለቱ ዐይነት ግሶች የሚሰጠው የአድራጊ መነሻ እንደ ደንቡ የተለያየ ነው፤ የማይሻገረው ግስ «አ»ን፣ ተሻጋሪው «አስ»ን ይይዛል። ለዚህ ከላይ የጠቀስነው «ጠራ» ጥሩ ምስክር ነው። ውሃው ሲጠራ ያጠራው ሰው «አጠራ» ይባላል፤ ሰው እንዲጠራ ያደረገው ግን «አስጠራ» ይባላል።

ይህንኑ ደንብ ወደ «ሰፋ» ስንወስደው፣ መንገዱን ሰፊ ያደረገው «አ» ተጨምሮለት «አሰፋ» ይሆናል። ልብስ እንዲሰፋለት ያደረገው ደግሞ «አስ» ተጨምሮለት «አስ-ሰፋ» ሊባል ሲገባ ሁለቱ «ሰ»ዎች ተዋሕደው እርሱም «አሰፋ» ይሆናል። በንግግር የመጀመሪያው ላልቶ፣ ሁለተኛው «ሰ»ው ጠብቆ ስለሚነገር የሚሳሳት የለም። ፊደላችን ግን ማጥበቅንና ማላላትን አያመለክትምና በወረቀት ላይ ሁለቱ አንድ ናቸው። «ቀሚሷን አሰፋች» የሚለውን ዐረፍተ ነገር የሚያነብ ሰው ሴትዮዋ አዲስ ቀሚስ እንዲሰፋላት አደረገች ወይስ የጠበባትን ቀሚስ ለቀቅ አስደረገች ብሎ ቢጠይቅ ተገቢ ጥያቄ ነው። ሥራውንና ዋጋውን በደብተር ለሚመዘግብ ልብስ ሰፊ ልዩነቱ ትንሽ አይደለም።

ሆኖም ግሱን በየአንቀጹ ስናረባው ፊደሉ ራሱ መናገር ይጀምራል። ሰፊ ለማድረግ ንኡስ አንቀጹ «ማስፋት» ሲሆን፣ እንዲሰፋ ለማድረግ «ማሰፋት» ነው። ቦዝ አንቀጹ በመጀመሪያው «አስፍቶ»፣ በሁለተኛው «አሰፍቶ» ይሆናል። ትእዛዙም እንዲሁ በአንደኛው «አስፋ»፣ በሌላው «አሰፋ» ነው። የመጀመሪያው እርባታ «አጠፋ፣ ማጥፋት፣ አጥፍቶ» የሚለውን ይመስላል፤ ሁለተኛው «አሰማ፣ ማሰማት፣ አሰምቶ» የሚለውን ይመስላል። የሁለት ግሶች እርባታ በሁለት መንገድ ከሄደ አንድ ግስ ናቸው ለማለት ምን ይቀራል? መነሻ ቃሉን ብቻ አይቶ እርባታውን የማይመረምር አዘጋጂ ይህን ማስረጃ በእጁ ይዞ ሳያየው ያልፋል።

«አሰፋ» የሚባለው የሰው ስም ከየትኛው ወገን እንደሆነም ከዚህ ይታወቃል። «ሰ»ው ላልቶ ስለሚነገር የስፋት ወገን ነው፤ «አስፋው» እና «አስፋ ወሰን» የተባሉትም ስሞች ያው ትእዛዙን ይዘው ይመሰክራሉ።

«ሰፊ» የሚለው ቃል ደግሞ በሌላ ዘዴ ይለያል። «ልብስ ሰፊ» የሙያተኛ መጠሪያ ነው፤ «ሰፊ ልብስ» የልብስ ዐይነት ነው። ቃሉ ከስሙ በኋላ ሲመጣ ባለሙያውን፣ ሲቀድም መጠኑን ይናገራል። ሲበዙም ይለያያሉ፤ ልብስ «ሰፊዎች» እንላለን እንጂ «ሰፋፊዎች» አንልም፤ ጎዳናዎችን ግን «ሰፋፊ» እንላቸዋለን። ከ1966 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ በየጋዜጣውና በየአዳራሹ የተደጋገመውን «ሰፊው ሕዝብ» የሚለውን አነጋገር ማንም የሰፊዎች ማኅበር አድርጎ ያልሰማው ይህ ሥርዐት በአድማጩ ልብ ስላለ ነው። መዝገበ ቃላት እንዲህ ያለውን ሥርዐት በምሳሌ ማሳየት አለበት፤ «ሰፊ፦ የሚሰፋ፤ ጠባብ ያልሆነ» ብሎ መዝጋት አይበቃውም።

ስለ ማጥበቅ ከተነሣ አንድ ነገር መታከል አለበት። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» የሚጠብቁ ፊደላትን በምልክት ለማሳየት ያደረጉት ሙከራ የታወቀ ነው። ምልክቱ በዕለታዊ ጽሕፈት እንዲገባ መጠየቅ ሌላ ክርክር ነው። መዝገበ ቃላት ግን በጽሕፈት የሚመሳሰሉ መነሻ ቃላትን «ይጠብቃል»፣ «ይላላል» ብሎ ሳይለይ ሥራዬን ፈጸምሁ ሊል አይችልም።

3. ወስፌ የማን ልጅ ናት? መርፌስ?

የአንድ ግስ ዘር በይበልጥ የሚታወቀው ከዘመዶቹ ነው። የስፌቱ «ሰፋ» ያለ ጥርጥር የወለዳቸው ሁለት ስሞች አሉ። አንደኛው «ስፌት» ነው፤ የ«ፌ» ድምፁ የጠፋውን «የ» ያስታውሳል። የስፋቱ ወገን «ስፋት» ሲል «ኣ»ን መያዙን ልብ ይሏል። ሆኖም የአናባቢ ምስክርነት ለብቻው አይበቃም፤ «ጥራት» በ«የ» ከሚጨርሰው «ጸርየ» ወጥቶ ሳለ «ኣ»ን ይዟልና። አናባቢው ፍንጭ ይሰጣል፤ ፍርዱ የሚሰጠው ግን ከግዕዝና ከእርባታው ጋር ተመሳክሮ ነው።

ሁለተኛው ስም «ወስፌ» ነው። በመልኩ ከ«ሰፋ» የራቀ ስለሚመስል ብዙ ጊዜ ለብቻው ይቀመጣል። በግዕዝ ግን መሣሪያው «መስፌ» ነው፤ መስፊያ ማለት ነው። «መ» እንዴት «ወ» ሆነ ቢባል፣ ከንፈርን ገጥሞ የሚነገረው «መ» በቃሉ ውስጥ ሌላ የከንፈር ድምፅ ሲኖር በበርካታ የአማርኛ ስሞች ወደ «ወ» ላልቷል። «ነበረ» ከሚለው «መንበር» ተገኝቶ በቤተ ክርስቲያን በነበረበት ሲጸና በቤት ውስጥ «ወንበር» ሆኗል። ዱቄት ከሚነፋው «ነፋ» «ወንፊት»፣ እሳት ከሚያናፋው «ነፋ» «ወናፍ» ተገኝቷል። «ወስፌ»ም የእነዚሁ ጓደኛ ናት። ለውጡ ግን በሁሉም ላይ አልደረሰም፤ «መርፌ» «ፈ»ን ይዛ ሳለ «መ»ዋን አልለቀቀችም። በኋላ በአዲስ መልክ የተመሠረተው «መስፊያ»ም እንዲሁ ነው። ስለዚህ ይህ ደንብ የተፈጸመውን ለማስረዳት ይጠቅማል እንጂ ያልተፈጸመውን ለመተንበይ አያገለግልም።

«መርፌ»ን በተመለከተ የብዙዎች ግምት ከስፌት ግስ ተወልዳለች የሚል ነው። እውነቱ ከዚህ የተለየ ነው። በግዕዝ መርፌ «መርፍእ» ትባላለች፤ ትግርኛም እስከ ዛሬ ይህንኑ ይላል። ግሱ «ረፍአ» ነው፤ ፍቹም መስፋት፣ የተቀደደውን መጠገን ነው። ዐረብኛም የተቀደደ ልብስን ለመጠገን በ«ረ»፣ በ«ፈ» እና በ«አ» የተሠራ ተመሳሳይ ግስ አለው። አማርኛ ግሱን ጥሎ መሣሪያውን ብቻ አስቀረ። ስለዚህ ዛሬ «መርፌ» እናቷ የሞተችባት ልጅ ናት፤ ሥራዋን የምትሠራው በሌላ ግስ ቤት ነው። የስፌት ግስ እውነተኛ ልጅ «ወስፌ» ናት። አንባቢ ሁለቱን መሣሪያዎች በአንድ ቤት አብረው ሲያገኛቸው እኅትማማች ቢያደርጋቸው አይፈረድበትም፤ መዝገበ ቃላት ግን የዘር ሐረጋቸውን ለይቶ ሊነግረው ይገባል።

እዚህ ላይ አንድ ማራኪ ስሕተት አለ። በዕብራይስጥ ከዚሁ ዘር ጋር የሚዛመደው ግስ መፈወስ ማለት ነው። ይህን የሰማ ሰው፣ «እንግዲያውስ ሐኪም ቤት መርፌ መወጋት የምንለው የጥንቱን የፈውስ ፍች ይዞ ነው» ሊል ይከጅለዋል። ነገሩ እንዲህ አይደለም። ለመድኃኒት መውጊያ «መርፌ» የተባለው መሣሪያው ቀጭንና ሹል ሆኖ ከልብስ መርፌ ጋር ስለተመሳሰለ ነው፤ ክፍት ሆኖ መድኃኒት የሚያሳልፍ መርፌ የዘመናዊ ሕክምና መሣሪያ ነውና ጥንታዊ ግስ አላወቀውም። ከዚያም ስሙ ከመሣሪያው ወደ መድኃኒቱ ተሸጋግሮ «ሦስት መርፌ ታዘዘልኝ» ለማለት ተበቃ። የቃል ዘር አንድ ነገር ነው፤ የፍች ታሪክ ሌላ ነገር ነው። ሁለቱን ያለ ማስረጃ የሚያገናኝ መዝገበ ቃላት ተረት ይጽፋል።

በድምፅ መቀራረብ ብቻ ዘመድ ማድረግ የሚያመጣውን ስሕተት ለማየት «ሰፌድ»ንም መጥቀስ ይቻላል። ሰፌድ በስፌት የሚሠራ ዕቃ ስለሆነ ስሙን ከ«ሰፋ» ለማምጣት የሚከጅል ይኖራል። ነገር ግን በመጨረሻው ያለው «ድ» ከ«ሰፈየ» ሊመጣ አይችልም፤ ዕቃው በስፌት መሠራቱም ስሙ ከስፌት ለመውጣቱ ማስረጃ አይሆንም።

4. ጨርቅና ክር ብቻ ናቸውን?

አሁን ወደ ፍቹ እንመለስ። ስፌትን «ጨርቅን በመርፌና በክር ማያያዝ» ብሎ መተርጐም የከተማውን የልብስ ሰፊ ሱቅ ብቻ የሚያይ ትርጓሜ ነው። ስንደዶውን በአክርማ እየጠቀለለች በወስፌ እየበሳች መሶብ የምትሠራው ሴት «መሶብ ሰፋች» ትባላለች። ጨርቅ የለም፤ ክርም የለም፤ መሣሪያዋም ቀዳዳ ያላት መርፌ አይደለችም። ጫማ ሰፊው ቆዳን በጠፍር ወይም በወፍራም ክር ይሰፋል። ሐኪሙ የተሰነጠቀ ገላን ይሰፋል። ጆንያ ይሰፋል፤ የብራና መጽሐፍ ቅጠሎች ተሰፍተው ይጠረዛሉ። በአማርኛው ኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 3 አዳምና ሔዋን የበለስ ቅጠል ያያያዙበት ሥራም የተገለጸው በዚሁ በ«ሰፋ» ነው።

እነዚህን ሁሉ የሚያስተባብረው ጨርቁ ወይም ክሩ አይደለም፤ የሥራው አኳኋን ነው። ሹል ነገር ይበሳል፤ በተበሳው በኩል የሚያያይዝ ቀጭን ነገር ያልፋል፤ ያለፈውም ጠብቆ ይይዛል። ትርጓሜው በዚህ ላይ ቢመሠረት ልብስም መሶብም ቁስልም ይገቡበታል። በሙጫ የተጣበቀው፣ በገመድ የታሰረው፣ በሸማኔ የተሠራው ደግሞ ከውጭ ይቀራል። ጥሩ ትርጓሜ የሚባለውም የሚገባውን አስገብቶ የማይገባውን የሚከለክለው ነው።

ሌላም መለየት ያለበት ነገር አለ። «ቀዳዳውን ሰፋ» እና «ቀሚስ ሰፋ» ስንል የተሳቢዎቹ ጠባይ የተለያየ ነው። ቀዳዳው ከስፌቱ በፊት ነበረ፤ ስፌቱ ይዘጋዋል። ቀሚሱ ግን ከስፌቱ በፊት አልነበረም፤ ስፌቱ ያስገኘዋል። መሶብም እንደ ቀሚሱ ነው። ስለዚህ በአንዱ ግስ ሥር ሁለት ፍቾች በቅደም ተከተል ሊቀመጡ ይገባል፤ አንደኛው በስፌት ማያያዝ ወይም መዝጋት፣ ሁለተኛው በስፌት ሠርቶ ማውጣት። እነዚህ በእውነት የአንድ ቃል ሁለት ፍቾች ናቸው። አንድ ቃል ብዙ ፍች አለው ማለትና ሁለት ቃላት አንድ ድምፅ አላቸው ማለት የተለያዩ መሆናቸውን ከዚህ የተሻለ የሚያሳይ ምሳሌ አይገኝም።

ትርጓሜው የሚጠራው ጎረቤቶቹ ሲለዩም ነው። አማርኛ በመርፌ ለሚሠራው ሥራ ብዙ ግሶች አሉት። የተቀደደውን ገጥሞ በመርፌ መያዝ «መጥቀም» ነው። በቀዳዳው ላይ ሌላ ጨርቅ ማኖር «መጣፍ» ነው። ጥፍ በጥፍ ላይ እየደራረቡ መሥራት «መደረት» ነው፤ «ድሪቶ» ከዚህ ይወጣል። የልብስን ጠርዝ በስፌት ማስጌጥ «መዘምዘም»፣ በክር ጌጥና ሥዕል ማውጣት «መጥለፍ» ነው። «ሰፋ» ለእነዚህ ሁሉ እንደ ጠቅላላ ስም ሊያገለግል ይችላል፤ እነርሱ ግን የ«ሰፋ» ተመሳሳይ ተብለው በአንድ መስመር ሊደረደሩ አይገባም። የተጠቀመ ልብስና የተጣፈ ልብስ አንድ አይደሉም፤ ይህን ልዩነት በየቤቱ የኖሩ እናቶቻችን ያውቁታል። መዝገበ ቃላት ይህን ዕውቀት ካልያዘ ቋንቋውን ያደኸየው እርሱ ነው።

5. «ስፌት» በሙያ ቃልነት

የስፌት ሙያ በትምህርት ቤትና በፋብሪካ ሲሰጥ «ስፌት» የሚለው ስም ብዙ ሸክም ይወድቅበታል። «ስፌት ተማረ» ስንል ሙያው ነው። «ስፌቱ ሦስት ቀን ፈጀ» ስንል ሥራው ነው። «ስፌቱ ተተረተረ» ስንል ሁለት ጨርቆች የተጋጠሙበት መስመር ነው። ሐኪም «አምስት ስፌት ተሰፍቶለታል» ሲል ደግሞ እያንዳንዱ የመርፌ መውጣትና መግባት ነው። በተራ ንግግር ይህ ጉዳት የለውም፤ አገባቡ ይለየዋል። ለሠልጣኝ በሚጻፍ መመሪያ ላይ ግን «ስፌቱን አጥብቅ» የሚል ትእዛዝ መስመሩን ማለቱ ይሁን እያንዳንዱን የክር አያያዝ ማለቱ ግልጽ ካልሆነ ሥራው ይበላሻል።

መፍትሔው ግን ከጠረጴዛ ላይ አዲስ ቃል መፍጠር አይመስለንም። የማንም አፍ የማይለምደው ቃል ተፈጥሮ መጽሐፍ ውስጥ ሲቀር ብዙ ጊዜ ታይቷል። በመጀመሪያ ያሉትን ቃላት መለየት ይበቃል፤ ለሙያውና ለሥራው «ስፌት»፣ ለመጋጠሚያው «የስፌት መስመር» ቢባል ማንም ሳይተረጐምለት ይረዳዋል። ለእያንዳንዱ የክር አያያዝ የሚሆነው ስም ደግሞ ከልብስ ሰፊዎች፣ ከጠላፊዎችና ከመሶብ ሰፊዎች አንደበት ሊለቀም ይገባል። በየዕለቱ በሺህ የሚቆጠር ጊዜ መርፌ የሚያወጣና የሚያገባ ሰው ለሥራው ስም አያጣለትም፤ የጎደለው ሄዶ የሚጠይቀውና የሚመዘግብለት ነው።

6. የአመዘጋገብ አሳብ

ከላይ በተዘረዘሩት ምክንያቶች የሚከተለውን አመዘጋገብ እናቀርባለን።

ሰፋ (አንደኛው)፤ ተሻጋሪ ግስ፤ ግዕዝ ሰፈየ። ሀ) በሹል መሣሪያ እየበሱ በክር፣ በጠፍር፣ በሣር ወይም ይህን በመሰለ ነገር አያያዘ፤ ዘጋ፦ ቀዳዳ፣ ቁስል፣ ጆንያ ሰፋ። ለ) በዚህ ዐይነት ሥራ ዕቃ ሠርቶ አወጣ፦ ቀሚስ፣ ጫማ፣ መሶብ ሰፋ። ተደራጊ ተሰፋ፤ አስደራጊ አሰፋ («ሰ» ይጠብቃል)፣ ማሰፋት፣ አሰፍቶ። ስም ስፌት፣ ሰፊ (ከስሙ በኋላ)፣ ወስፌ፣ መስፊያ።

ሰፋ (ሁለተኛው)፤ የማይሻገር ግስ፤ ግዕዝ ሰፍሐ። ወርዱ ወይም መጠኑ ጨመረ፤ ጠባብነቱ ቀረ፦ መንገዱ፣ ልብሱ ሰፋ። አድራጊ አሰፋ («ሰ» ይላላል)፣ ማስፋት፣ አስፍቶ፤ ተስፋፋ፣ አስፋፋ። ስም ስፋት፤ ቅጽል ሰፊ (ከስሙ በፊት)፣ ሲበዛ ሰፋፊ።

መርፌ ለብቻዋ ትቀመጣለች፤ በአጠገቧም «ግዕዝ መርፍእ፤ ከረፍአ» ተብሎ ይጻፋል። «ወስፌ» በፊደል ተራዋ በ«ወ» ተገኝታ ወደ አንደኛው «ሰፋ» ትመራለች። «ተስፋ» ከሁለቱም ሳይገናኝ ወደ «ተሰፈወ» ይመለሳል።

ይህ አመዘጋገብ ከአንዱ መነሻ ቃል ይልቅ ቦታ ይፈጃል፤ የኅትመት ዋጋም ይጨምር ይሆናል። ነገር ግን ተማሪው መጽሐፉን ሲገልጥ የሚያገኘው መልስ የቋንቋውን ታሪክ የማያዛባ፣ የተናጋሪውንም ዕውቀት የማይቀንስ ይሆናል። «ነፋ»ን፣ «ጠራ»ንና እነርሱን የመሰሉትን ሁሉ በዚሁ ሚዛን መመርመር ቀጣይ ሥራችን ሊሆን ይገባል። መነሻ ቃላቱ ከመጻፋቸው በፊት እያንዳንዱ ግስ በእርባታው፣ በዘመዶቹና በግዕዙ ቢጠየቅ፣ «የታወቀ ነው» ተብሎ የታለፈው ቃል ስንት ነገር ይዞ እንደቆየ ይታያል።